አዲሱ ቸርኬ ተገጠመ፤ ሴንሰሩስ?

በመርካቶ ሶማሌ ተራም ሆነ በሌሎች የመኪና ዕቃ መሸጫዎች ስፖርት ቸርኬ ሲሸጥ ገዢና ሻጭ የሚከራከሩባቸው ነገሮች የታወቁ ናቸው። ስንት ኢንች ነው? ስንት ቀዳዳ ነው? የየት አገር ሥራ ነው? መጨረሻው ስንት ነው? ዋጋ ከተቆረጠ በኋላ ቸርኬው ጎሚስታ ዘንድ ሄዶ ጎማ ይለብስና መኪናው ላይ ይገጠማል። ለአሮጌዎቹ የነዳጅ መኪኖች ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። በኤሌክትሪክ መኪና ግን ባለቤቱ ገና ሠፈሩ ሳይደርስ ዳሽቦርዱ ላይ በመካከሉ ቃለ አጋኖ ያለበት፣ የፈረስ ጫማ የመሰለ ቢጫ መብራት ሊበራበት ይችላል። የእያንዳንዱን ጎማ የንፋስ መጠን ያሳይ የነበረው ስክሪንም ከቁጥር ይልቅ ሰረዝ ብቻ ይዞ ይቀራል።

በማግሥቱ ስልክ ይደወላል። ባለ መኪናው ደላላውን፣ ደላላው ሱቁን፣ ሱቁ ጎሚስታውን ይወቅሳል። ጎሚስታው ደግሞ የተሰጠውን ጎማ በተሰጠው ቸርኬ ላይ ከማልበስ በቀር ሌላ ሥራ አልተነገረውም። እውነቱን ለመናገር ከአራቱ አንዳቸውም አላጭበረበሩም። የጠፋው ነገር በሽያጩ ወቅት ማንም ያልጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም አዲሱ ቸርኬ ውስጥ የሚገባው የንፋስ መለኪያ ሴንሰር ከመኪናው ኮምፒዩተር ጋር ይግባባል ወይ የሚለው ነው።

ጉዳዩ ለገበያው ጥቃቅን አይደለም። እንደሚታወቀው በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ በስተቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ ካስታወቀ ወዲህ የአዲስ አበባ መንገድ መልኩ ተለውጧል። ከቻይና የሚመጡት ፎልክስዋገን አይዲ 4 እና አይዲ 6፣ የቢዋይዲ ልዩ ልዩ ሞዴሎች፣ ቶዮታ ቢዚ4ኤክስ እና ሌሎችም በየመንገዱ ይታያሉ። መኪናው ከመጣ ጎማና ቸርኬ መከተሉ አይቀርም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በኋላ ደግሞ በዶላር ተገዝቶ መጋዘን ውስጥ የሚቀመጥ የማይሸጥ ዕቃ ነጋዴውን ከበፊቱ የባሰ ያሳምመዋል።

ሴንሰሩ ከየት መጣ?

የጎማ ንፋስ መቆጣጠሪያ በሕግ ግዴታ የሆነው መጀመሪያ በአሜሪካ ነው። በፎርድ ኤክስፕሎረር መኪኖች ላይ የነበሩ የፋየርስቶን ጎማዎች እየተበጣጠሱ ብዙ ሕይወት ካጠፉ በኋላ፣ የአሜሪካ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ2000 ሕግ አወጣ። በዚያ መሠረት ከመስከረም 2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠሩ አዳዲስ የቤት መኪኖች በሙሉ መቆጣጠሪያው እንዲኖራቸው ተደረገ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2014 ማብቂያ ለሁሉም አዲስ መኪና አስገዳጅ አደረገው። ቻይናም እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ተከተለች። ስለዚህ ዛሬ ከቻይና አዲስ ሆኖ የሚገባው የቤት መኪና መቆጣጠሪያውን በአንዱ ወይም በሌላው መንገድ ይዞ ነው የሚመጣው።

“በአንዱ ወይም በሌላው መንገድ” ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። መንገዱ ሁለት ዓይነት ነው፤ ቸርኬ ሻጩም በመጀመሪያ ለይቶ ማወቅ ያለበት ይህንኑ ነው።

አንደኛው ዓይነት ጎማው ውስጥ ምንም አያስገባም። የፍሬኑ ኤቢኤስ የየጎማውን የመሽከርከር ፍጥነት ስለሚቆጥር ኮምፒዩተሩ በዚያው ይጠቀማል። ንፋሱ የጎደለ ጎማ ዙሪያው ትንሽ ይጠብባል፤ ከጓደኞቹም ፈጠን ብሎ ይዞራል። ኮምፒዩተሩ ልዩነቱን ሲያይ መብራት ያበራል። እንዲህ ዓይነቱ መኪና ቸርኬ ሲቀየርለት ሴንሰር የሚባል ወጪ የለበትም። አራቱንም ጎማ በትክክለኛው ልክ ነፍቶ፣ በመኪናው ሜኑ ውስጥ ገብቶ አዲሱን ንፋስ “መዝግብ” ማለት ብቻ ይበቃል። አደጋው ጎማዎቹ በትክክል ሳይነፉ ከተመዘገበ ነው። አንዱ ጎድሎ ሳለ የተመዘገበ እንደሆነ ኮምፒዩተሩ ጉድለቱን እንደ ጤና ይቆጥረዋል።

ሁለተኛው ዓይነት በየቸርኬው ውስጥ ከቫልቩ ግርጌ የተጣበቀ፣ ባትሪ ያለው ትንሽ የሬዲዮ ማሠራጫ ነው። የውስጡን ንፋስና ሙቀት ለክቶ፣ የራሱን መታወቂያ ቁጥር ጨምሮ ለመኪናው ይልካል። መኪናው የሚቀበለው አስቀድሞ የመዘገባቸውን ቁጥሮች ብቻ ነው። ቁጥሩ የማይታወቅ ሴንሰር የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን አይሰማም። 

ሁለቱን ለመለየት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ስክሪኑ ለእያንዳንዱ ጎማ በባር፣ በኪሎፓስካል ወይም በፒኤስአይ ቁጥር የሚያሳይ ከሆነ ሴንሰሩ ጎማው ውስጥ አለ ማለት ነው። መብራት ብቻ እንጂ ቁጥር የሌለው ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ዓይነት ነው። በሞዴሉ ስም ብቻ መፍረድ ግን አያዋጣም። አንድ ስም ያለው መኪና ለአውሮፓ፣ ለአሜሪካና ለቻይና ገበያ ሲሠራ የተለያየ መቆጣጠሪያ ሊገጠምለት ይችላል። “የአይዲ 4 ሴንሰር አለህ?” ተብሎ በስልክ ሲጠየቅ “አለ” ብሎ የሚመልስ ነጋዴ በራሱ ላይ ጣጣ እየጠራ ነው።

የማይግባቡ ቋንቋዎች

ሴንሰሮቹ የሚናገሩበት ሞገድ አንድ አይደለም። በአሜሪካና በጃፓን ገበያ 315 ሜጋኸርትዝ የተለመደ ሲሆን፣ በአውሮፓና በቻይና 433 ሜጋኸርትዝ ይበዛል። በ315 የሚናገር ሴንሰር በ433 በሚያዳምጥ መኪና ውስጥ ቢገባ፣ የቡና ቤቱ ሬዲዮ ሌላ ጣቢያ ላይ ቆሞ ዜና እንደ መጠበቅ ነው። ሞገዱ አንድ ቢሆንም እንኳ መልእክቱ የሚጻፍበት ሥርዓት ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። ስለዚህ “433 ነው” መባሉ ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

ለዚህ ከቴስላ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። የሞዴል 3 የመጀመሪያ ምርቶች በ433 ሜጋኸርትዝ የሚሠሩ ሴንሰሮች ነበሯቸው። ከ2020 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ገደማ ጀምሮ ግን ኩባንያው ሞዴል 3ን እና ሞዴል ዋይን ወደ ብሉቱዝ ሴንሰር አዛወራቸው። መኪናው በዓይን ሲታይ ያው ነው፤ ቸርኬውም ያው ነው፤ ብሎኑም ይገባል። ነገር ግን ከ2019ኙ ሞዴል 3 የተፈታ፣ ሴንሰር ያለበት ሙሉ የቸርኬ ሴት በ2022ቱ ላይ ቢገጠም አንድም ቃል አይለዋወጡም። በዋሽንግተንና በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች በቴስላ የሚሠሩ ወገኖቻችን ያገለገለ ቸርኬ ከነጎማው ሲገዙ መጀመሪያ የሚጠይቁት የተፈታበትን መኪና የምርት ዘመን ቢሆን ከአንድ ቀን ሥራ መጥፋት ይድናሉ። ወደ አዲስ አበባ ለዘመድ ቸርኬ ለሚልክም እንዲሁ ነው፤ ከዚያ ወዲያ መመለሻ የለውም።

የገበያው መድኃኒት “ፕሮግራም የሚደረግ” የሚባለው ሴንሰር ነው። ባዶ ሆኖ ይመጣል። በእጅ በሚያዝ መሣሪያ የመኪናው ዓይነትና ዘመን ተመርጦ ይጻፍበታል፤ አንዳንዶቹም 315ንም 433ንም ይናገራሉ። ከሁሉ የሚመቸው የአሮጌውን ሴንሰር መታወቂያ ቁጥር ወደ አዲሱ መገልበጥ ነው። እንዲህ ሲደረግ መኪናው ሴንሰር እንደ ተቀየረበት እንኳ አያውቅም፤ ምዝገባ የሚባል ነገርም አይኖርም። ካልተገለበጠ ግን አዲሶቹን ቁጥሮች ለመኪናው ማስተዋወቅ ግድ ነው። አንዳንዱ መኪና ትንሽ ሲነዳ በራሱ ይለምዳቸዋል፤ አንዳንዱ በሜኑ ይታዘዛል፤ ሌላው ደግሞ ከመሪው ሥር ባለው መሰኪያ ስካነር ካልገባለት እምቢ ይላል።

እዚህ ላይ ለሱቅና ለጎሚስታ አንድ ምክር አለን። ሴንሰሩ ጎማው ውስጥ ከመቀበሩ በፊት በጀርባው ላይ የታተመው ቁጥር በስልክ ፎቶ ይነሣ፤ የትኛው ጎማ ውስጥ እንደ ገባም ይጻፍ። መሣሪያው ሴንሰሩን ማንበብ ቢያቅተው ቁጥሩን በእጅ ማስገባት ይቻላል። ፎቶ ከሌለ ጎማው ዳግመኛ ይፈታል፤ የሁለተኛውን ልፋት ሒሳብ የሚከፍል ደግሞ አይገኝም።

ሌላም ብዙ ጊዜ የሚያጣላ ነገር አለ። ሴንሰሩ ባትሪውን ለመቆጠብ መኪናው ሲቆም ይተኛል፤ የሚነቃው ጎማው ሲሽከረከር ነው። ስለዚህ በሱቁ ደጃፍ ቆሞ “ይኸው አይሠራም” ወይም “ይኸው ይሠራል” መባባል ከንቱ ነው። መኪናው በሰዓት ከ25 እስከ 40 ኪሎ ሜትር አልፎ ለ10 ወይም ለ20 ደቂቃ መነዳት አለበት። በመርካቶ የቀን ግርግር ይህ ፍጥነት አይገኝምና ቀለበት መንገድ ድረስ መውጣት ሳያስፈልግ አይቀርም። ቀሪ ክፍያው ከዚህ ጉዞ በኋላ ቢሆን ለሁለቱም ወገን ይበጃል።

አሮጌውን ማዛወር ወይስ አዲስ መግዛት?

በእኛ አስተያየት መኪናው ገና አዲስ ከሆነ ርካሹና እርግጠኛው መንገድ የፋብሪካውን ሴንሰሮች ከአሮጌው ቸርኬ ፈትቶ ወደ አዲሱ ማዛወር ነው። ቁጥሩ የታወቀ ነው፤ ቋንቋውም ያው ነው። ነገር ግን የሴንሰሩ ባትሪ የታሸገ ስለሆነ አይቀየርም፤ ዕድሜውም ከ5 እስከ 10 ዓመት ነው። መኪናው 6 ወይም 7 ዓመት ከሞላው አሮጌውን ሴንሰር በአዲስ ቸርኬ ውስጥ መቅበር በዓመቱ ጎማ ለመፍታት መዋዋል ነው።

ሲዛወርም ቢሆን የቫልቩ ጎሚኒ፣ ዳዶውና በቫልቩ ውስጥ የምትጠመዘዘው ትንሿ መርፌ አዲስ መሆን አለባቸው። ትንሿ መርፌ የምትናቅ አይደለችም። የብረት ቫልቭ ያላቸው ሴንሰሮች ብዙውን ጊዜ ግንዳቸው አሉሚኒየም ነው። በዚያ ውስጥ የተለመደችው የናስ መርፌ ከገባች ሁለቱ ብረቶች እርጥበት ሲያገኙ ይበላላሉ፤ ከጊዜ በኋላም መርፌዋ ተጣብቃ አልፈታ ትላለች። በጉልበት ስትጠመዘዝ ቫልቩ ይሰበራል፤ ከቫልቩ ጋር ሴንሰሩም ይሄዳል። ለዚህ የተሠራችው ኒኬል የተቀባች መርፌ ናት። ዋጋዋ ከሴንሰሩ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ቸርኬው ራሱም ሴንሰሩን የሚያስቀምጥ መሆን አለበት። የቫልቩ ቀዳዳ በተለመደው ልክ 11.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ የሰፋ ወይም ግድግዳው የወፈረ ቸርኬ ላይ ሴንሰሩ ተንጋዶ ይቀመጣል፤ የጎማው ከንፈር ሲገባም ይመታዋል። ጎማው የሚወልቀው በማሽን ሳይሆን በመዶሻና በብረት ከሆነ ደግሞ ሴንሰሩ የት እንዳለ ሳይታወቅ የተወጋበት ብረት ዋጋውን በአንድ ምት ዜሮ ያደርገዋል። ደንበኛው “ሴንሰር አለው” ብሎ አስቀድሞ ለጎሚስታው መንገር አለበት፤ ጎሚስታውም ከቫልቩ ራቅ ብሎ መጀመር አለበት።

ስለ ቸርኬ ከተነሣ ላይቀር፣ ከሴንሰሩ በፊት ሊጤን የሚገባውን ልኬትም እናንሣ። አይዲ 4 ባለ 5 ቀዳዳ ሲሆን የቀዳዳዎቹ ዙር 112 ሚሊ ሜትር፣ የመሐሉ ቀዳዳ 57.1 ነው። ቴስላ ሞዴል 3 እና ዋይም ባለ 5 ናቸው፤ ዙሩ ግን 114.3፣ የመሐሉ ቀዳዳ 64.1 ነው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት 2.3 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ በዓይን አይታይም። በጉልበት ሲጠብቅ ገባ የሚመስለው ብሎን ግን በመንገድ ላይ ይፈታል። አይዲ 4 የፊት ጎማው ስፋት 235፣ የኋላው 255 ነው፤ “አራት አንድ ዓይነት” ተብሎ የሚሸጠው ሴት ለእርሱ አልተሠራም። ፎልክስዋገን የሚጠቀምባቸው ብሎኖች መቀመጫቸው ክብ ሲሆን ከፋብሪካ ውጪ የሚሠሩት ቸርኬዎች አብዛኞቹ ሾጣጣ መቀመጫ ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ አሮጌውን ብሎን መልሶ መጠቀም ሁልጊዜ አይቻልም።

የአዲስ አበባ ከፍታና የስክሪኑ ቁጥር

ብዙ ባለ መኪናዎችን ግራ የሚያጋባው ሌላው ነገር ስክሪኑና የጎሚስታው መለኪያ አለመስማማታቸው ነው። ሴንሰሩ ተበላሽቷል ተብሎ የሚጣላበት ይህ ጉዳይ አንዳንዴ የሴንሰሩ ጥፋት አይደለም፤ የከተማችን ከፍታ ነው።

የጎሚስታው መለኪያ የሚያነበው በጎማው ውስጥና በውጪ ባለው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ጎማው ውስጥ ያለው ሴንሰር ግን ብዙ ጊዜ የውስጡን ጠቅላላ ግፊት ይለካና ኮምፒዩተሩ የውጪውን ይቀንስለታል። የሚቀንሰው በባሕር ጠረፍ ያለውን፣ ማለትም 101 ኪሎፓስካል ገደማ ከሆነ፣ አዲስ አበባ ላይ ስሕተት ይፈጠራል። እኛ የምንኖረው ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ የውጪው አየር 77 ኪሎፓስካል አካባቢ ነው። በመካከሉ ያለው ልዩነት ወደ 3.5 ፒኤስአይ ይደርሳል። ጅቡቲ ወደብ ላይ 36 ፒኤስአይ የተነፋ ጎማ ሙቀቱ ሳይለወጥ አዲስ አበባ ቢደርስ፣ የጎሚስታው መለኪያ 39 ያህል ሲል ስክሪኑ 36 ላይ ይቀራል ማለት ነው። ከፍታውን አስልተው የሚያስተካክሉ መኪኖችም ስላሉ በሁሉም ላይ አይታይም።

መለያው ቀላል ነው። ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ፣ በጥሩ መለኪያ አራቱም ይለኩ። አራቱም ከስክሪኑ በእኩል መጠን ከተለያዩ ምክንያቱ ከፍታው ነው፤ ሴንሰር አይቀየርም። አንዱ ብቻ ከሦስቱ ከተለየ ግን ጥፋቱ ከሴንሰሩ ነው። የቻይና መኪኖች ስክሪን በባር ወይም በኪሎፓስካል ሊያሳይ ስለሚችል 2.5 ባር፣ 250 ኪሎፓስካልና 36 ፒኤስአይ አንድ መሆናቸውን ማወቅም ከብዙ ክርክር ያድናል። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ጠዋት መብራት በርቶ ረፋዱ ላይ የሚጠፋበት ምክንያትም ይኸው የሙቀት ነገር ነው፤ 10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲቀዘቅዝ ከ1.5 እስከ 2 ፒኤስአይ ይጎድላል።

መብራቱን ማጥፋት

“መብራቱ ይብራ፤ መኪናው ይሄዳል” የሚል አለ። ይሄዳል። ነገር ግን አይዲ 4ን የመሰለ መኪና ባትሪው ብቻውን ብዙ ስለሚመዝን ክብደቱ ከ2 ቶን በላይ ነው። ንፋሱ የጎደለ ጎማ በዚህ ክብደት ሥር ሲተጣጠፍ ይሞቃል፤ ባትሪውንም ቶሎ ይጨርሳል። ሕጉ ራሱ መብራቱ እንዲበራ የሚያዘው በአሜሪካ ንፋሱ ከሚገባው 25 በመቶ፣ በአውሮፓ 20 በመቶ ሲጎድል ነው። ይኸውም ማስጠንቀቂያው የሚመጣው ጎማው መሰቃየት ከጀመረ በኋላ ነው ማለት ነው። በአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ በሙሉ ፍጥነት ለሚሄድ ሰው ያ ማስጠንቀቂያ ጨርሶ አለመኖሩ ምን እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ ስኮርታ የላቸውም፤ የሚመጡት ከፈሳሽ ማጣበቂያና ከትንሽ ኮምፕሬሰር ጋር ነው። ፈሳሹ ጎማው ውስጥ ከገባ በኋላ ካልታጠበ የሴንሰሩን ቀዳዳ ሊደፍን ይችላል። በተበሳ ጎማ ውስጥ ከመነዳሪ ማስገባት የሚወድ ጎሚስታ ዘንድ የሄደ ሰውም ከመነዳሪውንና ሴንሰሩን አንድ ቸርኬ ውስጥ ማኖር እንደማይችል ይወቅ። ወይ ሴንሰሩ ይወጣል፣ ወይ ከመነዳሪው ይቀደዳል።

በአሜሪካ የታወቀ አንድ ተንኮል አለ። አዲስ ቸርኬ ገዝቶ ለሴንሰር መክፈል ያልፈለገ ሰው አራቱን አሮጌ ሴንሰሮች በሁለት በኩል በተደፈነ የፕላስቲክ ቧንቧ ውስጥ ይከትና ንፋስ ነፍቶበት ኮፈን ውስጥ ወይም ከወንበር ሥር ይጥለዋል። መኪናው አራቱም ጎማዎች ደኅና ናቸው ብሎ ያምናል፤ መብራቱም ይጠፋል። ጎማው መሬት ቢነካ እንኳ ስክሪኑ 36 ማለቱን አይተውም። ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ስፖርት ቸርኬ ተገጥሞለት ለሽያጭ ሲቀርብ፣ ገዢው ከአንዱ ጎማ ትንሽ ንፋስ አስተንፍሶ ጥቂት ይንዳው፤ የዚያ ጎማ ቁጥር ካልወረደ ዋጋው ላይ ከመነጋገሩ በፊት ወንበሩን አንሥቶ ይይ።

ለአስመጪው የሚቀረው የዕቃ ምርጫ ነው። ለአንድ ሞዴል ብቻ የሚሆን ሴንሰር በብዛት ማምጣት ያ ሞዴል ካልተፈለገ መጋዘን ውስጥ ባትሪው እያረጀ የሚቀር ዕቃ መያዝ ነው። ፕሮግራም የሚደረገው ሴንሰር በነጠላ ዋጋው ሊወደድ ይችላል፤ ግን ለብዙ ሞዴል ይሸጣል። መሣሪያውም አንዴ ተገዝቶ ለብዙ ዓመት ያገለግላል፤ አዳዲስ ሞዴሎች በወጡ ቁጥር ሶፍትዌሩን ማደስ እንደሚያስፈልግና እድሳቱ በውጭ ምንዛሪ ሊከፈል እንደሚችል ግን ሒሳብ ውስጥ መግባት አለበት። ከ10 አዲስ መኪና 9 ያህሉ ኤሌክትሪክ በሆነባት ኖርዌይ ባለ መኪናው በዓመት ሁለት ጊዜ የክረምትና የበጋ ጎማ ስለሚለዋውጥ መሣሪያው የሌለው ጎማ ቤት ሥራ አያገኝም። በእኛ ገበያ መሣሪያውን ቀድሞ የገዛ ሱቅ ደንበኛውን ከቸርኬ ሻጩም ከጎሚስታውም ሊወስድ ይችላል። በደረሰኙ ላይ የሴንሰሩን ሞገድ፣ የዕቃ ቁጥሩንና ምዝገባውን ማን እንደሚሠራ የሚጽፍ ከሆነ ደግሞ በማግሥቱ የሚደወለው ስልክ ይቀንስለታል።